ወደ ሜሮን፣ እስከ ኬላው

ሐሙስ፣ ሜይ 23 ቀን 2024፣ ነታንያ

ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ያለው ሰው ከዘመድ ሰላም የለውም። ሠርግ ሲሆን እሱ ነው። ልቅሶ ሲሆን እሱ ነው። ከቤን ጉሪዮን ኤርፖርት እንግዳ ሲቀበሉም እሱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ላግ ባዖሜር የሚባለው የአይሁድ በዓል ሲቃረብ እህቴ ደወለች። ገና «ወንድምዬ» ስትለኝ መኪናዬን እንደፈለገች ገባኝ።

እህቴ ያገባችው ከሞሮኮ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው። ትንሹ ልጃቸው ሦስት ዓመት ሞልቶታል። በእነሱ ወግ ወንድ ልጅ እስከ ሦስት ዓመቱ ጸጉሩን መቀስ አይነካውም። ሲቆረጥም ዝም ብሎ ጸጉር ቤት አይወሰድም። በላግ ባዖሜር በሰሜን እስራኤል ወዳለው ሜሮን ይወጣና በራቢ ሺሞን ባር ዮሐይ መቃብር ደጃፍ ዘመድ አዝማድ በየተራ አንድ አንድ ዘለላ ይቆርጥለታል። «ሐላቃ» ይሉታል። አባትየው ሚሉኢም ላይ፣ በተጠባባቂ ጦር ግዳጅ ላይ ነው፤ ጦርነቱ ከጀመረበት ካለፈው ኦክቶበር ወዲህ ቤቱ የዋለበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ጉዳዩን የያዙት የአባትየው እናት ናቸው። ሁላችንም «ሳፍታ» እንላቸዋለን፤ አያት ማለት ነው። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። እኔ ግን ስለ እሳቸው የማስበው በአማርኛ ስለሆነ አንቱ ናቸው።

«ሳፍታ፣ ሜሮን እኮ ተዘግቷል» አልኳቸው።

«ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሄጃለሁ» አሉኝ።

ይህ መልስ አይደለም። ግን የ76 ዓመት አዛውንት ረጋ ብለው ሲናገሩት መልስ ይመስላል።

የተዘጋው በከንቱ አይደለም። ሜሮን ከሊባኖስ ድንበር አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ፣ 1,208 ሜትር ከፍታ ባለው፣ የአየር ኃይል መቆጣጠሪያ ጣቢያ አለ። ሂዝቦላህ በጃንዋሪ 6 መትቶታል። ከዚያም ወዲህ አካባቢው አልቀዘቀዘም። በሌላ ዓመት በዚያ ሌሊት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ኮረብታ ላይ ይታጨቃል። አንድ ሮኬት እዚያ መሃል ቢወድቅ ብለህ አስብ። ስለዚህ ፒኩድ ሃኦሬፍ፣ የሠራዊቱ የደጀን እዝ፣ ቦታውን ዝግ ወታደራዊ ቀጠና ብሎ አወጀ። የተፈቀደው ሦስት የእሳት ማብራት ሥርዓት ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ 30 ሰው። ሳፍታ ከሠላሳዎቹ አንዷ አይደሉም።

እናቴ በበኩሏ ሌላ ነገር ነው ያስጨነቃት። ወጥ እያማሰለች ሰማችንና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ሕፃን ይዛችሁ መቃብር ልትሄዱ ነው?»

«የጻድቅ መቃብር ነው እማ።»

«የጻድቅም ይሁን የማንም መቃብር መቃብር ነው።»

እንግዲህ ለሮኬቱም ለመቃብሩም መልስ ሳይኖረኝ ነዳጅ ልሞላ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሜይ 24፣ ከነታንያ ወደ ጽፋት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነሣን። የምንጓዘው አራት ነን፤ እህቴ፣ ልጁ፣ ሳፍታና እኔ። አራት ሰው ከሆንን ትልቅ መኪና ለምን አስፈለገ? ድስቶቹ ናቸው ምክንያቱ። ሳፍታ ለሦስት ቀን ጉዞ ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ምግብ ጭነዋል። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ካርቶን አራቅም አለ። የእኛ አረቄ የአክስት ልጅ ነው፤ ሽታው አኒስ አኒስ ይላል። በሜሮን ለበዓለኛው መጠጥ መስጠት ስለት ነው። ሙሉ ስለቱ «ሐይ ሮቴል» ይባላል፤ 18 ሮቴል ማለት ነው፤ ወደ 54 ሊትር ይጠጋል። ሳፍታ «የአቅሜን ነው የያዝኩት» አሉ። ስድስት ጠርሙስ ቆጠርኩ።

ከሁሉም በላይ ግን የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሐዴራን ስናልፍ ፈትተው አሳዩኝ። መቀስ ነው። እጀታው ነሐስ ሆኖ አውራ ጣት የሚገባበት ቦታ ከመፋቅ ብዛት አብረቅርቋል። ምላሱ ላይ ትንሽ ዝገት አለ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። የአራቱንም ወንዶች ልጆቻቸውን ጸጉር ሜሮን ላይ በዚህ መቀስ ነው የቆረጡት። የመጨረሻው የእህቴ ባል ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሳፍታ መቀሱን መልሰው ጠቀለሉና «እሱ ቢኖር አንተን አላስቸግርም ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘግቷል የሚለውን ዜማ አቆምኩ።

በካርሜል ዋሻዎች ተሻግረን፣ ክራዮትን በጎን አልፈን፣ አኮ አጠገብ ወደ 85 ቁጥር መንገድ ታጠፍን። ካርሚኤል ስንደርስ የስልኬ ካርታ ቀወሰ። መኪናዋን ከመንገዱ ላይ አንሥቶ ቤይሩት ኤርፖርት አሳረፋት። ይሄ እዚህ ሰሜን የተለመደ ሆኗል። ድሮኖችና ሚሳይሎች እንዳይመሩበት ተብሎ የሳተላይቱ ምልክት ስለሚታወክ የሁሉም ሰው ስልክ ሊባኖስ ነህ ይለዋል።

«ሳፍታ፣ ቤይሩት ገብተናል» አልኩ።

አልሳቁም። እህቴም አልሳቀች። እኔ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ትንሽ ቆይቶ እኔም ተውኩት።

የራማን የወይራ ዛፎች አልፈን ሐናንያ መገናኛ ደረስን። ወደ ሜሮን የሚወጣው 866 ቁጥር መንገድ የሚጀምረው እዚህ ነው። በሌላ ዓመት እዚህ ቦታ ላይ የአውቶቡስ ሰልፍ፣ የፈላፈል ሻጭ፣ የሙዚቃ ጩኸት ነው የሚጠብቅህ። ዛሬ አንድ የፖሊስ መኪና፣ የብርቱካንማ ኮኖች ረድፍና ፀሐይ የበላቸው ሦስት ፖሊሶች ናቸው ያሉት። ከፊታችን አሥር ያህል መኪና ተሰልፏል። መታወቂያው ላይ የአካባቢው አድራሻ ያለው ብቻ ያልፋል። ሌላው ይዞራል።

ከፊታችን የነበረው ባለ ጥቁር ባርኔጣ ሰውዬ ሩብ ሰዓት ተከራከረ። መጀመሪያ ዘመድ ልጠይቅ ነው አለ። ቀጥሎ መድኃኒት ላደርስ ነው አለ። በመጨረሻ ጮኸ። ፖሊሱ ፍንክች አላለም፤ ግን አልጮኸበትም። የእኛ ተራ ሲደርስ እኔ አፌን ሳልከፍት ሳፍታ በመስኮት «የልጅ ልጄ ሦስት ዓመት ሞላው» አሉት።

«ማዛል ቶቭ»፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አላቸው። «በጽፋት በኩል ሰንበትን አክብሩ። ወደ ሜሮን ግን የለም።»

ምን ይባላል? አዞርኩ። በ85 ቀጥ ብለን አሚዓድ፣ ከዚያ በ90 ወደ ሰሜን፣ ከሮሽ ፒና ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጽፋት ገባን። አጎቴ እዚህ ነው የሚኖረው፣ ከናአን ሰፈር። እኛን ሲያይ «ተመለሳችሁ?» አለ። «ገና አልሄድንም» አለች እህቴ።

ሰንበት፣ ሜይ 25፣ ጽፋት

ዛሬ መኪና አይነሣም። ስለዚህ የማወራው ስለ ሰገነቱ ነው።

ከአጎቴ ሰገነት ሜሮን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመሃል ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ ተራራው። በመኪና አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳፍታ ከጸሎት መልስ ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረው ተቀመጡ። ሲበሉም፣ ሲያወሩም፣ ሲያንጎላጁም ፊታቸው ወደዚያው ነው። አልፎ አልፎ ከሰሜን በኩል ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ይደነግጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን መቁጠር ጀመረ። የእሱ ቁጥር አምስት ላይ ስለሚያልቅ ሁሌ ከአምስት አይበልጥም።

አጎቴ ከጎንደር ገጠር ሲወጣ ጎልማሳ ነበር። የሰንበቱን ዳቦ ባረከና ቆርሶ አዳረሰን። ከዚያ ሲከነክነው የዋለውን ጥያቄ በእኔ አስተርጓሚነት ለሳፍታ አቀረበ። ይህ ራቢ ሺሞን ማን ነው? ምን አድርጎ ነው እንዲህ የሚናፈቀው?

ሳፍታ ቀና ብለው ተቀመጡ። የራቢ ዐቂባ ተማሪ ነበር፤ ሮማውያንን ተናገራቸውና ሊገድሉት ፈለጉት፤ ከልጁ ከአልዓዛር ጋር ዋሻ ገባ። የካሮብ ዛፍ በቀለላቸው፣ ምንጭ ፈለቀላቸው። ልብሳቸው እንዳያልቅ አውልቀው እስከ አንገታቸው አሸዋ ውስጥ ተቀብረው 12 ዓመት ተማሩ፤ ወጥተው ደግሞ አንድ ዓመት ተመለሱ። ዞሃርን፣ የካባላን የምስጢር መጽሐፍ፣ የሰጠንም እሱ ነው አሉ። ምሁራን መጽሐፉ ስፔን ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ ይናገራሉ። እኔ ግን በሰንበት፣ በዳቦ መሃል፣ ይህን ለመተርጎም ምን በወጣኝ።

አጎቴ በጥሞና ሰማ። «እኛም ነበሩን» አለ። «አባ ሳብራ። ሆሃርዋ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ። ይጸልዩ ነበር፤ ሰው አይነካቸውም ነበር።» ሳፍታ ዓይናቸው በራ። መቃብራቸው የት ነው፣ በየዓመቱ ትሄዳላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አጎቴ ሳቀ። የተሳለምነው የጸለዩበትን ቦታ እንጂ ሬሳ አይደለም አላቸው። በአገራችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከመንደር ውጭ ይቀመጣል፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ነጽቶ ነው ቤቱ የሚገባው፤ ኦሪት እንደዚያ ስለሚል። ወደ መቃብር ሄዶ መጨፈር ለእኛ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

እዚህ ላይ ትርጉሙን ትንሽ አለሰለስኩት። «መጨፈር» የሚለውን «ማክበር» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ላግ ባዖሜርን ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ውስጥ አያውቁትም ነበር። ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት በዓል ባሉት ቀናት፣ «ኦሜር» በሚባሉት፣ ውስጥ 33ኛው ነው። ስሙም ቁጥሩ ነው፤ ላሜድ 30፣ ጊሜል 3። የራቢ ዐቂባ 24,000 ተማሪዎች በመቅሠፍት አልቀው በዚህ ቀን ቆመ ይባላል። ስለዚህ በኦሜር ቀናት ጸጉር የማይቆርጥ ሰው በዚህ ቀን ይቆርጣል። እነዚህ ሁሉ የረበናት ትምህርት ናቸው። እኛ የነበረን ኦሪትና ቄሶቻችን ናቸው። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን የላግ ባዖሜር እሳት ያየሁት እዚህ አገር፣ በትምህርት ቤት፣ ከተሰረቀ የግንባታ ሳንቃ ሲነድ ነው።

ወደ ማታ ወሬው በ2021 ሜሮን ላይ ወደ ደረሰው አደጋ ዞረ። ሳፍታ ያን ሌሊት እዚያ ነበሩ፣ በሴቶቹ በኩል። አፕሪል 29 አልፎ 30 ሲገባ፣ ከእሳት ማብራቱ ቦታ የሚወርደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። ወለሉ ብረት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ያንሸራትታል። 45 ሰው ሞተ። ሕፃናትም ነበሩበት። ሳፍታ ስለ ጩኸቱ አልነገሩንም። የነገሩን ስለ ስልኮቹ ነው። ሬሳዎቹ ኪስ ውስጥ ስልኮች ይጠሩ ነበር፤ ማንም አያነሣም። ያን የሰሙት ከአንድ የአምቡላንስ ሠራተኛ ነው። የመርማሪ ኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው ገና ባለፈው ማርች ነው። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀምሮ ኃላፊነት ያለባቸውን ዘርዝሯል። አደጋው እንደሚመጣ ለዓመታት ሲነገር ነበር። ያኔ ኬላ የዘጋ የለም።

ይሄን ሳስብ የዘንድሮው ኬላ ትክክል ነው የሚለው ሐሳቤ ጠነከረ። ያም ሆኖ ሰንበት ሲወጣ፣ ሃቭዳላው፣ የሰንበት መሸኛው ጸሎት፣ እንዳለቀ፣ ቁልፌን አነሣሁ። ራሴን ልገልጸው አልችልም።

የዚያው ሌሊት፣ 89 ቁጥር መንገድ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ልጁን ሳፍታ «ዕድሉን እንሞክር» ብለው ነጭ ሸሚዝ አለበሱት። ከጽፋት ወርደን በዔይን ዜቲም በኩል ወደ ምዕራብ ታጠፍን። ብዙ አልሄድንም። ከኩርባው ኋላ ሰማያዊ መብራት ሲያበራና ሲጠፋ አየሁ።

ይሄኛው ኬላ የዓርቡ ዓይነት አይደለም። አውቶቡሶች መንገዱን በአግድም ዘግተውታል። በዳርና በዳር ሰው አለ፣ ጨለማ ውስጥ፤ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ኮት፤ ጋሪ የሚገፉ እናቶች። ወጣቶች በቡድን በቡድን ከመንገዱ ወርደው ዛፍ ውስጥ ይሰወራሉ። በእግር ሊገቡ ነው። ሌላ አውቶቡስ ደግሞ ከሜሮን በኩል ተይዘው የተመለሱትን ጭኖ ይመጣል። መስኮቱ ላይ አንድ ጎረምሳ ፊቱን ለጥፎ ይዘፍናል። ተይዞም ይዘፍናል!

የፖሊስ እጅ ሲነሣ ልቤ አንድ ጊዜ ይዘላል። ይህ የቆየ ነው። በ2015 እና በ2019 በፖሊስ በደል ላይ ሰልፍ የወጡ የእኔ ቢጤ ኢትዮጵያውያን ለምን እንደሆነ ያውቁታል። ዛሬ ግን ቢያንስ የሚያስቆመኝ ምክንያት አለ ብዬ መስኮቴን አወረድኩ።

የማጋቭ፣ የድንበር ፖሊስ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ናት። ባትሪዋን ወደ መታወቂያዬ አበራች። አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ፦

«ጋሼ፣ ወዴት ነው በዚህ ሌሊት?»

ጋሼ ስትለኝ ግማሽ ተሸነፍኩ። በዕብራይስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ወደ ሜሮን ነበር፣ እህቴ።»

«ሕፃን ይዛችሁ?»

ልክ እንደ እናቴ። ቃሉም ድምፁም። ከኋላ እህቴ ስትስቅ ሰማኋት።

ቦርሳ መፈተሽ ነበረባት። የሳፍታን መሐረብ ስትፈታ መቀሱ ወጣ። ባትሪዋ ነሐሱ ላይ አረፈ። ምንድን ነው አለች። ነገርኳት፤ ልብስ ሰፊውን፣ አራቱን ልጆች፣ ሐላቃውን። ሳፍታ አማርኛ አይችሉም፤ ግን ምን እያወራሁ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ድንገት በዕብራይስጥ «እንግዲያው አንቺ ነሽ የመጀመሪያውን ዘለላ የምትቆርጪ» አሏት። መቀሱንም ዘረጉላት። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ሥራ ላይ ነኝ ሳፍታ። አልችልም።»

ሳፍታ አላዘኑም። ቦርሳቸውን ጎርጉረው የሰሊጥ ብስኩት አወጡ። ብስኩቱን ተቀበለች። ለጓደኞቿም ሦስት ወሰደች። ከዚያ በአማርኛ፣ ዝግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ልጁን ይዘህ ግባ። እዚያ ታች ግፊያ አለ» አለችኝ። አዞርኩ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ሰው እሆን ነበር። ግን ጽፋት መግቢያ ላይ ውሃ ልገዛ ስቆም አንድ ወጣት ወደ መስኮቱ ተጠጋ። በጫካው በኩል የጥርጊያ መንገድ አለ አለ። ኬላ የለም፣ ሃያ ደቂቃ ነው፣ መቶ ሼቄል ስጡኝና ላሳያችሁ አለ። ሳፍታን በመስታወት አየኋቸው። ምንም አላሉም። ያለማለታቸው ነው የጎዳኝ። ወጣቱን አላስገባሁትም፤ አቅጣጫውን ብቻ ሰማሁት።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ጥድ ግራና ቀኝ፣ አቧራ፣ ድንጋይ። ካርታው አሁንም ቤይሩት ነው። ስለዚህ በግምት ነው የምነዳው። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን መንገዱ ጠበበ። ቅርንጫፍ ጎኑን ይፍቀው ጀመር። ከሩቅ ድም አለ፤ ይሄኛው ከቀኑ የቀረበ መሰለኝ። እህቴ «ወንድሜ፣ ተመለስ» አለች። ልጁ ተኝቷል። ሳፍታ ዳዊት እየደገሙ ነው፤ በለሆሳስ። አንድ ኩርባ ዞርኩ፤ መብራቴ ከፊቴ የቆሙ ሦስት የኮንክሪት ብሎኮች ላይ አረፈ። ሠራዊቱ ያን ወጣት ቀድሞ መንገዱን ዘግቶታል።

መዞሪያ የለም። ያን ትልቅ መኪና ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በማርሽ ኋላ አወጣሁት። እህቴ ወርዳ በስልኳ መብራት እያሳየችኝ፣ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ አይ ግራ» እያለች። ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ጻድቁ አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ በጦርነት ቀጠና ጫካ ውስጥ ይዤ፣ ኮንክሪት ፊት ቆሜ፣ ማንም የት እንዳለሁ ሳያውቅ። ስልኬ እንኳ ቤይሩት ነው የሚለኝ።

ዋናው መንገድ ስንደርስ ሳፍታ መጽሐፋቸውን ዘጉ። «በቃ» አሉ። «ራቢ ሺሞንም ዋሻ የገባው መንገድ ሲዘጋበት ነው።»

አጎቴ ሳይተኛ ጠበቀን። የሆነውን ስንነግረው ሳቁ መጣበት። «ወደ ሱዳን ስንሄድ ኬላ ሲዘጋ በጫካ ነበር የምንሄደው» አለ። «ግን ያኔ የምንመለስበት ቤት አልነበረንም። አንተ ምን ሆነህ ነው?» መልስ አልሰጠሁትም። ሰገነቱ ላይ ወጥተን ወደ ማዶ አየን። ተራራው ሥር አንድ ቀይ ብርሃን አለ። ሳፍታ የእሳት ማብራቱ ነው አሉ። አጎቴ የወታደር መኪና መብራት ነው አለ። እህቴ ሁለቱም አይደለም፣ የመንደር መብራት ነው አለች። እኔ ዝም አልኩ።

እሑድ፣ ሜይ 26፣ ጽፋትና መንገድ

ጠዋት ሳፍታ ወንበር ሰገነቱ ላይ አወጡ። ፊቱን ወደ ሜሮን አዞሩት። ልጁን አስቀመጡት። አለቀሰ፤ ጸጉሩን ሳይሆን ሕይወቱን የሚወስዱበት ነው የመሰለው። ብስኩት ተሰጠው። በግራ እጁ ብስኩት፣ በቀኙ የእናቱን ጣት ያዘ።

ጸጉሩ እስከ ትከሻው ነው፤ የእህቴ ጸጉር፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ፣ ጫፉ ላይ ወደ ቡኒ የሚሄድ። ሳፍታ ከግንባሩ በላይ አንድ ዘለላ ለዩ። አሮጌው መቀስ ወዲያው አልቆረጠም፤ አኘከው። ሁለተኛ ሲሞክሩ «ቅርጥ» አለ። ዘለላው ጭናቸው ላይ ወደቀ። ለአንድ አፍታ ማንም አልተነፈሰም። ቀጥሎ እህቴ። ከዚያ አባትየው በቪዲዮ ስልክ፤ እሱን ወክዬ እኔ ቆረጥኩለት። የአጎቴ ተራ ሲደርስ ትንሽ አመነታ። ከዚያ መቀሱን ተቀበለና የልጁን ራስ በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ ቆረጠ።

ሳፍታ ከጆሮዎቹ በላይ ያለውን ጸጉር እንዳይነኩ አስጠነቀቁ። ፔዖት ነው፣ ይቀራል። አጎቴ እሱን ሲያይ ሳቀ። «እኛ አገር ከላይ ነበር የምናስቀረው። ቁንጮ። እነዚህ ደግሞ ከጎን።» ለሳፍታ ተረጎምኩላቸው። ቁንጮ ለምን ይቀራል አሉ። አጎቴ አሰበ፤ «ልጅ ሲያምር ነዋ» አለ።

የተቆረጠውን መዝኖ በክብደቱ ልክ ምጽዋት መስጠት ልማድ አለ። አጎቴ የዱቄት ሚዛኑን አመጣ። ጸጉሩን አስቀመጥንበት። ዜሮ አለ። አስተካክለን ደገምነው፤ ዜሮ። ሳፍታ ተናደዱ፤ ሚዛኑ ተበላሽቷል አሉ። ከዚያ 180 ሼቄል ከቦርሳቸው ቆጥረው ሳጥን ውስጥ ከተቱ። 18 ማለት ሕይወት ነው በፊደል ሲቆጠር፤ አሥር እጥፍ አደረጉት። ጸጉሩን በፖስታ አሽገው «ሲከፈት ወስጄ አቃጥለዋለሁ» አሉ። አራቁ ለአጎቴ ቀረ። ሰውዬው ምንም አላለም፤ ግን ካርቶኑን ሲያነሣ ፈጣን ነበር።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተነሥተን ወረድን። አኮን አልፈን ወደ ሐይፋ ስንቃረብ ሬዲዮው ሙዚቃውን አቆመ። ከጋዛዋ ራፋህ በኩል ቢያንስ ስምንት ሮኬት ወደ መሃል አገር ተተኩሷል፤ ቴል አቪቭ፣ ሄርዝሊያ ሲረን ጮኋል። ቴል አቪቭ ሲረን ሲሰማ ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ነው። እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ምንም አልተናገርንም። ሦስት ቀን ከሰሜን ስንፈራ ከርመን ወደ መሃል ልንሸሽ ነው።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«የት ናችሁ?»

«ሐይፋ ልንደርስ ነው።»

«አትምጡ! እዚያው ቆዩ። ዓርብ ቶሎ ከዚያ ውጡ ያልኩህን እርሳው።»

«እሺ እማ፣ ነዳጅ ማደያ እንቆማለን።»

ዝም አለች። ከጀርባዋ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል።

«የልጁስ ጸጉር?»

«ተቆረጠ።»

«የት? እዚያ መቃብሩ ላይ?»

«አልገባንም። አጎቴ ሰገነት ላይ ነው።»

«እንኳን» አለች። «ሰገነት ንጹሕ ነው።»